ባልጋርቪ ላይ የቀረችው የመዳብ መስመር

ዶድ ፔትሪ የአሳንሰር ስልክ በሚፈትሽበት ቀን ሸሚዙን ተኩሶ ነው የሚመጣው። ሸሚዝ በስልክ እንደማይታይ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። «ማን ለስልክ አለሽ?» ይለኛል፤ ፊቱ ግን እስከ ጆሮው ይቀላል። ስልሳ ሁለት ዓመት የሞላው፣ መላጣውን በቆብ የሚሸፍን፣ አንድ ጉልበቱ አልታጠፍ ያለው ሰው እንደ ጎረምሳ ሲያፍር ማየት ያስቃል። እኔም አላለፍኩትም፤ አብረን ከሠራንበት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አሥራ ሰባቱን ስቄበታለሁ።

ሞራግ እባላለሁ። ከዶድ ጋር ሆነን ስኮትላንድ፣ ደንዲ ከተማ ውስጥ ያሉትን ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች አሳንሰር እንጠግናለን። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። የመጀመሪያ ቀን ጣሪያው ሥር ወዳለው የሞተር ክፍል ይዞኝ ወጣና «እዚህ ውስጥ ሦስት ነገር ሰው ይገድላል፤ አንደኛው ችኮላ ነው» አለኝ። የቀሩትን ሁለቱን እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ስጠይቀው «አትቸኩዪ» ይለኛል።

ከሥራው ሁሉ አብልጦ የሚጠነቀቀው ለስልኩ ነበር። እያንዳንዱ አሳንሰር ውስጥ የደወል ሥዕል ያለበት ቢጫ ቁልፍ አለ። ሰው ተዘግቶበት ሲቀር ያንን ቁልፍ ለአምስት ሰከንድ ተጭኖ ይይዛል። ሌላ ከተማ፣ ኢንቨርነስ ያለው የእርዳታ ጥሪ መቀበያ ጋ ይጠራል፤ እዚያ የተቀመጠችው ሴት የትኛው ሕንፃ እንደሆነ ሰሌዳዋ ላይ ታያለች፤ ተዘግቶበት ያለውን ሰው እያጽናናች ለእኛ ትደውላለች። «ገመዱ ቢበጠስ ፍሬን አለ» ይላል ዶድ። «ፍሬኑ እምቢ ቢል ሌላ ፍሬን አለ። ሰው ብቻውን ሲቀር ግን ያለው ይቺ ቁልፍ ብቻ ናት።»

ስለዚህ ስልኮቹ በወር አንድ ጊዜ በሰው ይፈተሹ ነበር። ቁልፉን ትጫናለህ፣ «ሙከራ ነው» ትላለህ፣ ሴትየዋ የሕንፃውን ስም ታረጋግጣለች፣ መዝገቡ ላይ ትፈርማለህ፣ አለቀ። ሠላሳ አንድ አሳንሰር ነበረን። ሌላ ሰው ቢሆን ሁሉንም በአንድ ቀን ተኩል አጣድፎ ይጨርሳቸዋል። ዶድ ግን በቀን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት፣ ያውም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ብቻ ይፈትሻል። ቢሮ ያሉት እንዴት ያለ ጠንቃቃ ሠራተኛ ነው ይላሉ። ጠንቃቃነቱ እውነት ነው። ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ግን ኢንቨርነስ ያሉት ሌሎቹ ሴቶች ሻይ ለመጠጣት ይወጣሉ፤ ስልኩ ላይ ኤፊ ብቻዋን ትቀራለች።

«የአሳንሰር እርዳታ፣ ኤፊ እባላለሁ። ደህና ነዎት?»

«ሙከራ ነው። ዶድ ነኝ።»

«አንተ ነህ እንዴ? እኔ ደግሞ ሰው ተዘግቶበት መስሎኝ ልቤ ተሰቅሎ ነበር።»

«ቅር አለሽ?»

«ምን ቅር ይለኛል? የተዘጋበት ሰው እንደ አንተ አይነጫነጭም። ጉልበትህ እንዴት አደረ?»

«ዝናብ ሊመጣ ነው እያለኝ ነው።»

«እዚህ ደርሷል። ልኬልሃለሁ፤ ማታ ታገኘዋለህ።»

በቃ፣ ይሄው ነው። አርባ ሰከንድ፣ ቢረዝም አንድ ደቂቃ። ጥሪው ሁሉ እንደሚቀዳ ሁለቱም ስለሚያውቁ ከዝናብ፣ ከጉልበትና ከኤፊ ዶሮዎች አልፈው አያውቁም። እንዲህ እያሉ አሥራ ሰባት ዓመት ሞላቸው። መልኳን አያውቅም፤ መልኩን አታውቅም። ሉዊስ ደሴት ተወልዳ ማደጓን፣ በክረምት ጉሮሮዋን እንደሚይዛት፣ ከእህቷ ጋር እንደምትኖር ያውቃል። ስለ እህቷ ከማወቁ በፊት አንድ ቀን «ትናንት ስካይ ደሴት ሄደን ነበር» ብላው፣ ከማን ጋር እንደሄደች ሳይጠይቅ ሁለት ወር ሙሉ ምግብ አስጠላው። ለምሳ የያዘውን የስጋ ፓይ ለእኔ ሲሰጠኝ ነው አንድ ነገር እንዳለ የገባኝ። ዶድ ፓይ የሚሰጥ ሰው አይደለም።

ሚስት አላገባም። እናቱን ስምንት ዓመት አስታሟል፤ በምሳ ሰዓት ሮጦ ቤት ሄዶ አብልቷት ይመለስ ነበር። ስለ ትዳር ሲነሳበት «እኔንና እናቴን አንድ ላይ ማን ይወስደናል?» እያለ ያልፈዋል። እናቱ በሞተች ማግስት ሥራ ገባ። ተው ብንለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሦስት ሰዓት ከአሥር ሲሆን ቁልፉን ተጭኖ «ሙከራ ነው» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ኤፊ «ምን ሆነሃል?» አለችው። «እናቴ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ማንም አልተናገረም። የሙከራ ጥሪ ከአንድ ደቂቃ መብለጥ የለበትም፤ ካለፈ ተቀባይዋን ያስጠይቃታል። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ሰዓቴን አየሁ። አራት ደቂቃ ሙሉ፣ እሱ ደንዲ፣ እሷ ኢንቨርነስ፣ ዝም ብለው ቆዩ። በመጨረሻ «በርታ» አለችውና ዘጋች። ዶድ ሲወጣ «ጥሩ መስመር ነው፤ ምንም ጩኸት የለውም» አለኝ። አንጀቴን በላው።

«ለምን አትሄድም?» ብዬ የጠየቅሁት ያን ሰሞን ነው። «ኢንቨርነስ እኮ በባቡር ሦስት ሰዓት ነው።»

«ሄጄ ምን ልበላት?»

«ሙከራ ነው በላት።»

ሳቀ። ግን ነገሩ ልቡ ውስጥ ገብቶ ኖሯል፤ በበጋው አንድ ቅዳሜ ትኬት ቆርጦ ተነሳ። ፐርዝ ላይ ባቡር መቀየር አለበት። ወርዶ፣ መድረኩ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆሞ፣ ወደ ደንዲ በሚመለሰው ባቡር ተሳፈረ። ሰኞ ዕለት ተሳስቼ ነው አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሽቦ ከሽቦ ሳያሳስት የኖረ ሰው ባቡር ተሳሳተ ቢባል ማን ያምናል? እኔ ግን ያመንኩ መሰልኩ።

ከዚያ የመዳቡ ነገር መጣ። የስልክ ኩባንያው የድሮዎቹን የመዳብ መስመሮች በየሰፈሩ እየዘጋ ነው፤ አሳንሰሮቹም ሁሉ ወደ አዲሱ መዛወር አለባቸው ተባለ። አዲሱ ማለት የሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሳጥን ነው፤ ውስጡ ሲም ካርድና ባትሪ አለው። ዶድ ሳጥኑን እያገላበጠ ሲያየው ቆየ።

«መዳቡ መብራቱን ይዞ ነበር የሚመጣው» አለ። «ሕንፃው በሙሉ ቢጨልም ስልኩ በሕይወት አለ። ይሄ ግን መብራት ሲጠፋ በባትሪው ነው የሚኖረው። ሲያልቅስ?»

«ከማለቁ በፊት ደርሰን ሰዎቹን እናወጣለና።»

«አራት ሰዓት ይቆያል ይላል ወረቀቱ። ወረቀቱን የጻፈው ሰው አራት ሰዓት ተዘግቶበት ያውቃል?»

ሌላም ነገር ነበር። አዲሱ ሳጥን በየሦስት ቀኑ ራሱ ኢንቨርነስ ወዳለ ኮምፒዩተር እየደወለ ደህና ነኝ ይላል። ሳይደውል ከቀረ ሰሌዳ ላይ ቀይ ይበራል። ስለዚህ በየወሩ በሰው የሚደረገው ሙከራ ቀረ። የሰው ድምፅ የሚሰማው አንድ ጊዜ፣ ሳጥኑ ተገጥሞ ርክክብ ሲደረግ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው የሚያነሳው የእውነት የተዘጋበት ሲደውል ነው።

«ማሽን ለማሽን ደህና አደርክ ሊባባል ነው በይኛ» አለ ዶድ። «እኛስ?»

«እኛማ ቁጭ ብለን ፓይ እንበላለን!» አልኩት። አሁን ሳስበው አፌን በያዝኩ ኖሮ እላለሁ።

እውነቱን ግን አይክድም ነበር። በየሦስት ቀኑ መፈተሽ በወር አንድ ጊዜ ከመፈተሽ እንደሚሻል ራሱ ነው የነገረኝ። «ለተዘጋበት ሰው ይሄ ይበልጣል፤ ሌላው የኔ ጉዳይ ነው» አለ። ሥራውንም እንደሚገባው ሠራው። ሌሎች ቴክኒሻኖች ሳጥኑን ሰክተው፣ አረንጓዴዋ መብራት ስትበራ ፈርመው ይወርዳሉ። ዶድ ግን ሶኬቱን ነቅሎ፣ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ፣ ባትሪው የተባለውን አራት ሰዓት መቆየቱን በዓይኑ ሳያይ አይፈርምም። እኔ ሁለተኛው ሰዓት ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። እሱ ፍንክች የለም። ሦስት ባትሪ ጥሏል፤ ሦስቱም ፋብሪካው ደህና ናቸው ብሎ የላካቸው ነበሩ።

አንድ ሳጥን በገጠምን ቁጥር ግን አንድ ጠዋት ይቀነስበት ነበር። በማርች ሠላሳ አንድ መስመር ነበረው። በሜይ ሃያ። በጁላይ ዘጠኝ። ሸሚዙ የሚተኮስበት ቀን እየሳሳ መጣ። ሌላውን ቀን ደግሞ ፂሙን እንኳን ሳይላጭ ይመጣል፤ መኪናው ውስጥ መስኮቱን እያየ ይቀመጣል፤ የቴይ ወንዝ ድልድይ ላይ ስናልፍ ስለ ንፋሱ የሚያወራውን ወሬ ተወው። ናፈቀችው። እያለች ናፈቀችው። እኔ እንዲህ ያለ ናፍቆት አይቼ አላውቅም፤ የሚናፍቀው ነገር ገና አልሄደም፣ እሱ ግን ቀኑን እየቆጠረ ይናፍቃል።

ኦገስት ላይ አንድ ብቻ ቀረ። ባልጋርቪ የሚባለው አሥራ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ያለ አሳንሰር ነው። እዚህ ረጃጅም ሕንፃዎች ላይ እንደተለመደው ባልጋርቪም ሁለት አሳንሰር አለው፤ አንደኛው ሁለተኛ፣ አራተኛ፣ ስድስተኛ እያለ ይቆማል፤ ሌላው አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛ እያለ። የቀረው የሁለት አራቱ ነበር። አዲሱ ሳጥን ከነካርቶኑ ሞተር ክፍል ገብቷል። ዶድ መዝገቡ ላይ «የሞባይል ሲግናል ደካማ ነው፤ የውጭ አንቴና እየተጠበቀ» ብሎ ጻፈ። ጎን ለጎን ባለው አሳንሰር ላይ ያው ሳጥን ያለ አንቴና እየሠራ ነበር። አይቻለሁ፤ ዝም አልኩ። ሁለት ሳምንት ቢያቆየው ምን አለበት ብዬ ነበር።

ሁለቱ ሳምንት ሦስት ወር ሆነ። በወር አንዴ የነበረው ሙከራ በሳምንት ሁለቴ ሆነ።

«ዛሬም ሙከራ?» ትለዋለች ኤፊ።

«መስመሩ ደከም ያለ መሰለኝ።»

«እኔ ጋ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው።»

«እንግዲህ ሐሙስ ደግሞ እንየው።»

«እንየው። ጠንቃቃ መሆን ጥሩ ነው» ትለዋለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ የስልክ ኩባንያው ደብዳቤ መጣ። መስመሩ እስከ ኖቬምበር 28 ባለው ጊዜ ውስጥ ይቋረጣል ይላል። ዶድ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ዕቅዱን ነገረኝ። 26 ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ይደውላል። የልቡን ይነግራታል፤ ይቀዳ አይቀዳ ግድ የለውም። ከዚያ በዚያው ቀን ሳጥኑን ይገጥማል።

«ምን ብለህ ነው የምትነግራት?» አልኩት።

«እየጻፍኩት ነው» አለ። ጽሑፉን ሊያሳየኝ ግን እምቢ አለ።

እንግዲህ ደብዳቤው «እስከ 28» ነው የሚለው፤ «በ28» አይልም። ዶድ የሞተር መመሪያ ሲያነብ ነጥብ የማያልፍ ሰው ነው። ያንን ደብዳቤ ግን በዓይኑ ሳይሆን በምኞቱ አነበበው። 19 ላይ ደውሎ ከኤፊ ጋር ተሳሳቀ። 20 ላይ ኩባንያው መስመሩን ቆረጠ። ማንም አላወቀም፤ መዳብ ሲሞት ቀይ መብራት የለውም።

23 ማክሰኞ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ወይዘሮ ሴንጋ ሎሪመር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ የሰማንያ አራት ዓመት ሴት፣ ከገበያ ተመልሰው የሁለት አራቱ ውስጥ ገቡ። በስድስትና በስምንት መካከል ቆመ። ሞባይላቸውን ቤት ትተውታል። ቢጫውን ቁልፍ ተጫኑ። ምንም የለም። እንደገና ተጫኑ።

ጎረቤቶቻቸው ክፉ ሰዎች አይደሉም። ባልጋርቪ ላይ ግን የሁለት አራቱ ካልመጣ ሰው አይደነግጥም፤ የአንድ ሦስቱን ይዞ ይወጣና አንድ ፎቅ በደረጃ ይወርዳል። አርባ ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰው እየወጣና እየወረደ፣ ወይዘሮ ሎሪመር ከግድግዳው ማዶ ተዘግተው ነበር። በመጨረሻ ስምንተኛ ፎቅ የምትኖር አንዲት ሴት በሾርባ ቆርቆሮ በሩን ሲደበድቡ ሰምታ ደወለችልን።

በሩን የከፈትነው እኔና ዶድ ነን። ወለሉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀሚሳቸው ረጥቧል። ዶድ ፊቱን አዞረ፤ እኔ ካፖርቴን አውልቄ አለበስኳቸው። አልጮሁብንም። ይቅርታ የጠየቁን እሳቸው ናቸው፤ ወለሉ ስለተበላሸ።

«ስልኩን አልተጫኑትም እንዴ እማማ?» አልኳቸው፤ ለምን እንደጠየቅሁ እግዜር ይወቀው።

«እንዴ ልጄ፣ ጣቴ እስኪያመኝ! የሚሰማኝ ሰው እዚያ አለ እያልኩ ሳወራ ነበር። እየሰማች ዝም ያለችኝ መሰለኝ። እሱ ነው የከፋኝ።»

ዶድ እንደ ግድግዳ ነጣ። ወደ አሳንሰሩ ገብቶ ቁልፉን ተጭኖ ያዘ። አምስት፣ አሥር፣ ሃያ ሰከንድ። መስመሩ ውስጥ ምንም አልነበረም።

ወይዘሮ ሎሪመርን ቤታቸው አግብቼ፣ ሻይ አፍልቼ፣ ልጃቸው እስክትመጣ ቆይቼ ስመለስ፣ ዶድ ሞተር ክፍል ውስጥ ሳጥኑን እየገጠመ ነበር። ተናድጄ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልተናገርኩትን ተናገርኩት። «ሰውዬ፣ ሴትየዋ ልብ ድካም ቢኖርባቸውስ? ለአንዲት ድምፅ ብለህ?» አልኩት። ሽቦውን እያሰረ፣ ሳያየኝ፣ «አውቃለሁ» አለ። የራሴም ዝም ማለት ያናድደኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጨረሰ። የርክክቡ ጥሪ ቀረ። ኢንቨርነስ በዚያን ሰዓት አራት ሴቶች ይቀመጣሉ፤ የኤፊ ፈረቃ ዐሥር ሰዓት ላይ ያበቃል። እኔ የአሳንሰሩን በር በእግሬ ይዤ ቆምኩ። ዶድ ቆቡን አወለቀና ቁልፉን ተጫነ።

«የአሳንሰር እርዳታ፣ ኤፊ እባላለሁ። ደህና ነዎት?»

«ዶድ ነኝ።»

«ዶድ! በዚህ ሰዓት? ድምፅህ ደግሞ ከሩቅ ነው የሚመጣው።»

«አዲሱ ሳጥን ነው። ርክክብ ነው። ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሃለሁ» አለች፤ ደስታው ከድምፅዋ ጠፍቶ ነበር። «ባልጋርቪ፣ የሁለት አራቱ። በቃ እሱም ተቀየረ ማለት ነው?»

«ተቀየረ። ኤፊ፣ ጥፋት መዝግቢልኝ።»

«የምን ጥፋት?»

ነገራት። መስመሩ ከሦስት ቀን በፊት መሞቱን፣ የሰማንያ አራት ዓመት ሴት ሦስት ሰዓት ተዘግተው መዋላቸውን፣ ሳጥኑ ከኦገስት ጀምሮ ካርቶን ውስጥ መቀመጡን፣ የሲግናሉ ነገር ውሸት መሆኑን። አንድም አላስቀረም። ኤፊ የሥራ ድምፅዋን አውጥታ ሰዓቱንና ቀኑን ጠየቀች፤ ሲመልስላት የቁልፎቿ ኳኳታ ይሰማኝ ነበር።

«የመዘግየቱ ምክንያት?» አለች።

ዶድ ያወለቀውን ቆብ በእጁ ያሽከረክር ጀመር።

«ምክንያቱ ካልተሞላ ቅጹ አይዘጋም» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«ጻፊ» አላት። «የተቀባይዋን ድምፅ ላለማጣት።»

ኳኳታው ቆመ። የአሳንሰሩ አምፖል ሲያፏጭ እሰማ ነበር። ቆይቶ ኳኳታው እንደገና ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ በአንድ ጣት የሚጻፍ ይመስል። ከዚያ ደንቡ እንደሚያዘው የጻፈችውን አነበበችለት። «ምክንያት፦ የተቀባይዋን ድምፅ ላለማጣት። ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው።»

«ተመዝግቧል። ሌላ የምንረዳዎት ነገር ይኖራል?»

«የለም» አለ ዶድ። ዘጋች።

ከዚያ ወደ ሞተር ክፍሉ ወጥቶ ሶኬቱን ነቀለና ቆርቆሮው ላይ ተቀመጠ። አራቱን ሰዓት ሊጠብቅ። ሂጂ ቢለኝ አልሄድኩም፤ ሌላ ቆርቆሮ ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «የምንረዳዎት አለችኝ» አለኝ። «አሥራ ሰባት ዓመት አንተ ስትለኝ ኖራ።» ጽፌዋለሁ ያለው ወረቀት የደረት ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ጫፉ ይታየኛል። አላነበበላትም። ባትሪው አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቆየ፤ ዶድ ፈረመ፤ ወረድን።

ለሦስት ሳምንት ሥራ ከለከሉት። ቤቱ እየሄድኩ አየው ነበር። ወይዘሮ ሎሪመር ጋ ሄዶ ይቅርታ ጠይቋል፤ እሳቸው ደግሞ ብስኩት አቅርበውለት የኩሽናቸውን መብራት አሠርተውታል። ከዚያ ውጪ ከቤት አይወጣም። አሳፈርኳት ይላል። ሰው የሚያነበው መዝገብ ላይ እሷን አነሳሁ፣ ሥራዋ ላይ መዓት አመጣሁባት፣ ብትጠላኝ እውነቷን ነው ይላል። ትናንሽ ነገር ይጠይቀኛል፦ በዚህ ብርድ ጉሮሮዋ እንዴት ሆኖ ይሆን? እኔ በምን አውቄ? እኔ በዚያ ጊዜ በየሕንፃው ስዞር አንድም ሰው አላነጋገርኩም፤ ሳጥኖቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው።

ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ተጠራ። ምስክር ይዞ መግባት ስለሚፈቀድለት እኔን ይዞ ገባ። ሸሚዙን አልተኮሰም። የክፍሉ አለቃ አቶ ኪኒር ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ወረቀት ይወዳሉ። የተጻፈውን አንድ በአንድ አነበቡ፤ ዶድ ለሁሉም «አዎ» አለ። ምክንያቱ ጋ ሲደርሱ ሳል ሳል አደረጋቸው፤ ፈጥነው አለፉት።

«ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ነው የወሰንነው፤ ከዚያ በኋላም ብቻህን አትፈርምም» አሉት። «መባረር እንኳ ይቻል ነበር፤ የሠላሳ ዓመት ሥራህን አይተን ነው።»

«ይገባኛል» አለ ዶድ። ሊነሳ ወንበሩን ገፋ።

«ቆይ፣ አላለቀም» አሉ አቶ ኪኒር፤ ወረቀቱን ገለበጡት። «የተቀባዩ አስተያየት የሚባል ቦታ አለ፤ ሁልጊዜ ባዶ ነው የሚመጣው። ይሄኛው ተሞልቷል። ማንበብ አለብኝ።» ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡ።

«ይህ መስመር ከኦገስት ጀምሮ መቀየር እንደነበረበት ሰሌዳዬ ላይ በቀይ ይታየኝ ነበር። ማሳወቅ የእኔ ግዴታ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አላሳወቅሁም። ምክንያት፦ ከላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ነው። ኤፊ መክአስኪል።»

እኔ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ነበር። አቶ ኪኒር መነጽራቸውን አውልቀው በክራባታቸው ይጠርጉ ጀመር፤ እሷም በበኩሏ እንደተቀጣች፣ ይሄ የእኛ ጉዳይ እንዳልሆነ ይናገራሉ። ዶድ የሚሰማቸው አይመስልም። እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ወረቀቱን ያያል።

«አቶ ኪኒር» አለ፤ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የመጨረሻዋን መስመር ይደግሙልኛል?»

አቶ ኪኒር አዩት። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ፤ ቀስ ብለው ደገሙለት።